የተሰወረ ዕዳ ያድጋል፦ ግብርና ብድር ለከበደው ክርስቲያን ነጋዴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገራችን የግብር ዘመኑ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። ስለዚህም ክረምቱ ሲገባ፣ ገበሬው ወደ እርሻው በሚወጣበት ወራት፣ ከተሜው ነጋዴ ያለፈውን ዓመት ሒሳቡን ይዞ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ብዙዎች የሚገባቸውን ከፍለው፣ የንግድ ፈቃዳቸውን አሳድሰው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በዚያው ሰሞን ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ፣ በሱቁ ደጃፍ የማያውቀው ሰው ሲቆም ፊቱ የሚለዋወጥ ወንድም በየሰፈሩ አይጠፋም። የዓመቱን ግብር አልከፈለም፤ የብድሩም ወርኃዊ ክፍያ አልፎበታል። እሑድ ሲያስቀድስ እናየዋለን፤ በጽዋ ማኅበሩም ከመካከላችን ተቀምጦ ይጫወታል። ዕዳውን ግን የሚያውቅለት የለም፤ አንዳንድ ጊዜም የትዳር አጋሩ እንኳ አታውቅም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ወንድም፣ እንደ እርሱም ስለ ተጨነቁ እኅቶቻችን የተዘጋጀ ነው። የምንናገረው ማጭበርበርን ሥራ አድርገው ስለ ያዙት አይደለም። ሠርተው መክፈል ሲፈልጉ የጉልበታቸው መጠንና የዕዳቸው መጠን ስላልተመጣጠነላቸው ነው። ለእነዚህ ወገኖች ልናስተላልፍ የምንወደው መልእክት አንድ ነው፤ ዕዳ በተሰወረ ቁጥር ያድጋል፣ በብርሃን ሲቆጠር ግን መጠኑ ይታወቃል። መጠኑ የታወቀ ሸክም ደግሞ ከባድ ቢሆንም እንኳ በጊዜ ብዛት ሊወርድ ይችላል።

ዕዳ እንዴት ይከማቻል?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ወንድም ማሽን ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ ተቋም 300,000 ብር ተበደረ እንበል። ለመያዣ የወላጆቹን ቤት ካርታ አስያዘ፤ ሁለት ጓደኞቹም ዋስ ሆኑለት። የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ። ከዚያ የጣውላ ዋጋ ጨመረ፤ ትልቅ ሥራ ያሠራው ደንበኛም ቀሪውን ክፍያ አዘገየበት። አበዳሪው በየወሩ ይደውላል፤ አከራዩ በየወሩ በር ያንኳኳል፤ ሠራተኞቹ በየሳምንቱ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ግብር ግን የሚጠየቀው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ወንድማችን አጠገቡ ለሚጮኸው እየከፈለ፣ ዝም ያለውን እያቆየ ዓመቱን ፈጸመ። በሐምሌ ወር ግን ለግብር ያስቀመጠው ገንዘብ አልነበረም።

አብዛኞቹ ታሪኮች የሚጀምሩት እንዲህ ነው። ዝም ያለው ዕዳ ግን የተኛ ዕዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደ ደነገገው፣ ግብሩን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ለመጀመሪያው ወር ወይም ለወሩ ክፋይ ካልተከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ወር ደግሞ 2 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ያ ወንድም 60,000 ብር ግብር ነበረበት ብንል፣ በመጀመሪያው ወር 3,000 ብር፣ በቀሪዎቹ ዐሥራ አንድ ወራት በየወሩ 1,200 ብር ይደመርበታል። በዓመቱ መጨረሻ ቅጣቱ ብቻ 16,200 ብር ይደርሳል። ከዚህ ሌላ የዘገየበት ወለድ አለ፤ እርሱም ባንኮች ለንግድ ከሚያበድሩበት ከፍተኛው የወለድ መጠን በላይ ሆኖ የሚሰላ ነው። በመንግሥት ዕዳ መዘግየት ከባንክ ከመበደር ይልቅ ውድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይከተላል። ግብር ያልከፈለ ነጋዴ ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ የሌለው ፈቃዱን ማሳደስ ይቸገራል፤ ፈቃዱ ያልታደሰ ደግሞ ደረሰኝ ሰጥቶ መሸጥ፣ በጨረታ መወዳደር፣ አዲስ ብድር መጠየቅ አይችልም። ዕዳውን የሚከፍልበት በር በዕዳው ይዘጋበታል። በዚህ ጊዜ ወንድማችን የዕቁብ ዕጣውን አስቀድሞ እንዲሰጡት ለምኖ ለብድሩ ይከፍላል፤ የዕቁቡን ጥሎ ለመክፈል ደግሞ ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ይቆፍራል፤ የሚቆፍረውም ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የጠለቀ ነው።

ግብር ለክርስቲያን ምንድን ነው?

አንዳንድ ምእመናን ግብርን የነፍስ ጉዳይ አድርገው አያዩትም። ከጎረቤት የተበደሩትን አለመመለስ ኃጢአት መሆኑን ያምናሉ፤ ለመንግሥት የሚገባውን ማስቀረት ግን እንደ ብልኀት ይቆጥሩታል። የጌታችን ትምህርትና ሥራ እንዲህ አይደለም። ስለ ግብር ጠይቀው ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ የቄሣር የሆነው ለቄሣር፣ የእግዚአብሔር የሆነው ለእግዚአብሔር እንዲሰጥ አስተምሯል (ማቴ. 22፥15-22)። በቅፍርናሆምም የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ጴጥሮስን በጠየቁት ጊዜ፣ ጌታችን የመክፈል ግዴታ የሌለበት የአብ ልጅ ሲሆን ሰዎቹን ላለማሰናከል ሲል ከፍሏል (ማቴ. 17፥24-27)። የተከፈለው ገንዘብ የተገኘበትን መንገድ ልብ እንበል። ጴጥሮስ መረቡንና መንጠቆውን ሲጥል የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጌታም ገንዘቡን ከሰማይ አላወረደለትም፤ ወደሚያውቀው ሥራው፣ ወደ ባሕሩ ላከው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮም ምእመናን በጻፈው መልእክቱ ግብርን የሕሊና ጉዳይ አድርጎ አስተምሯል (ሮሜ 13፥5-7)።

በነጋዴ እጅ የሚያልፍ ሌላም ገንዘብ አለ፤ በእርሱ ላይ የሚደርሰው ጥፋት የበለጠ የከፋ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከገዢው ላይ 15 በመቶ ጨምሮ ይቀበላል። ከሠራተኞቹ ደመወዝ የሥራ ግብር ቀንሶ ያስቀራል። ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ከራሱም 11 በመቶ ይጨምራል። ከገዢና ከሠራተኛ የተሰበሰበው ገንዘብ በመሳቢያው ውስጥ ቢያድርም የእርሱ አይደለም፤ በአደራ የተቀመጠ ነው። ሲቸግር አስቀድሞ የሚነካው ግን ይህ ገንዘብ ይሆናል፤ ምክንያቱም ቅርብ ነው፣ ዛሬ የሚጠይቀውም የለም። ያን ጊዜ ነጋዴው ዕዳ ብቻ አይኖርበትም፤ አደራ መብላትም ይጨመርበታል። የሠራተኛው ጡረታ ሳይገባ ሲቀር የሚጎዳው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚያረጀው ያ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሥራው ትንሽም ቢሆን ይህን ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ካልሆነም በተለየ ከረጢት ማስቀመጥ ከብዙ ፈተና ይጠብቃል።

ከነቢያት ልጆች ወገን የነበረችው መበለት

ዕዳ ለከበደው ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በጣም የሚቀርበው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የተጻፈው የመበለቲቱ ታሪክ ነው። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሲሞት ግን ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪውም ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ባለ ዕዳ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉ ሳያፍር መናገሩ በራሱ መጽናኛ ነው። ታሪኩ የሚነበበው ለዘይቱ መብዛት ተአምር ብቻ አይደለም፤ ከተአምሩ በፊትና በኋላ የተደረገውን ቅደም ተከተል ለመማርም ጭምር ነው።

*አንደኛ፣ ችግሯን ተናገረች።* መበለቲቱ ልጆቿ እስኪወሰዱ ድረስ በቤቷ ተቀምጣ አላለቀሰችም። ወደ ኤልሳዕ ጮኸች፤ የዕዳውንም ነገር በግልጥ ነገረችው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ሐራጅ ከተለጠፈ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው የትዳር አጋር ነው፤ የቤቱ ካርታ ተይዞ ሳለ የቤቱን እመቤት አለማስታወቅ ከዕዳው የበለጠ ቁስል ይሆናል። ቀጥሎ የንስሐ አባት ነው። ካህኑ ዕዳውን ሊከፍል አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ዕዳው ያስከተለውን ውሸት፣ መሐላ፣ ቂምና ተስፋ መቁረጥ የሚፈታበት ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሦስተኛው ራሱ ባለ ገንዘቡ ነው።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አበዳሪ ተቋም የክፍያው ቀን ከማለፉ በፊት መጥቶ ሁኔታውን ከሚያስረዳ ተበዳሪ ጋር የመክፈያ ጊዜ ስለ ማራዘም ይነጋገራል፤ ስልኩን ከዘጋ ተበዳሪ ጋር ግን የሚነጋገረው በሕግ ክፍሉ በኩል ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ለባለ ዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አለው። ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳይከፈት በመሳቢያ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። የግብር መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጁ በቂ ምክንያት ያለው ግብር ከፋይ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት ወይም ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል። ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት ነገር፣ አለማሳወቅና አለመክፈል ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች መሆናቸው ነው። የሚከፍለው የሌለው ነጋዴም ገቢውን በጊዜው ማሳወቅ ይችላል፤ ይገባዋልም። ሳያሳውቅ ከቀረ ግን ሌላ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ግብሩም በግምት ሊወሰንበት ይችላል።

ውሳኔው ከእውነተኛ ገቢው በላይ ነው ብሎ የሚያምንም መብት አለው። አዋጁ የግብር ውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ምክንያቱንና ማስረጃውን ጠቅሶ በጽሑፍ ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ካልረካም በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ቀኑ ካለፈ እውነት የያዘ ሰውም ሊረታ ይችላል። በየክልሉ የሚከፍሉ ነጋዴዎች በክልላቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ በግብር ሕጎቹም ላይ ማሻሻያዎች ስለሚወጡ፣ የዘመኑን መመሪያ በአቅራቢያ ካለው ቅርንጫፍ ወይም ከሒሳብ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። በየአጥቢያው ብዙ የሒሳብና የሕግ ባለሙያዎች ሰንበት ትምህርት ቤት ያሳደጋቸው ልጆች ናቸውና፣ ጠይቋቸው።

*ሁለተኛ፣ በቤቷ ያለውን ቆጠረች።* ነቢዩ መበለቲቱን አስቀድሞ የጠየቃት ስለ ዕዳዋ መጠን አልነበረም፤ በቤቷ ስላለው ነገር ነበር። እርሷም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። በአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ በአንድ ገጽ ላይ ዕዳን ሁሉ መጻፍ፣ በሌላው ገጽ ላይ ያለውን ሁሉ መጻፍ የሚያስፈራ ሥራ ነው። ለማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ በምን መያዣ፣ እስከ መቼ የሚሉትን ለእያንዳንዱ ዕዳ መመለስ ያስፈልጋል። በሌላው ገጽ ደግሞ ያልተሰበሰበ የደንበኛ ዕዳ፣ የማይሠራ ማሽን፣ በመጋዘን የተከማቸ ዕቃ፣ ሊቀር የሚችል ወጪ ይጻፋል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ያስተማረው (ሉቃ. 14፥28-30) ለሚጀምር ሰው ብቻ አይደለም፤ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ላቃተውም ይጠቅማል። ብዙዎች ከቆጠሩ በኋላ ዕዳው በሌሊት ሲያስቡት ከነበረው ያነሰ ሆኖ ያገኙታል። የበለጠ ሆኖ ያገኙትም ቢያንስ በሐሳብ መዋዠቅ ያቆማሉ።

*ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቿ ባዶ ዕቃ አዋሷት።* ጎረቤቶቿ ዘይት አልሰጧትም፤ ብርም አልሰጧትም። የነበራቸው ባዶ ማድጋ ነበር፤ እርሱን ግን አልነፈጓትም። ነቢዩ ደግሞ በሩን ዘግታ ከልጆቿ ጋር እንድትሠራ አዘዛት። የተዘጋው በር ክብሯን ጠብቆላታል። ጎረቤት አግዟታል፤ ጉዷ ግን በአደባባይ አልተዘራም። ስለዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

*አራተኛ፣ ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በተረፈው ኖረች።* ዘይቱ ከበዛ በኋላ መበለቲቱ እንደ ወደደች አላደረገችም፤ ተመልሳ ነቢዩን ጠየቀች። የተነገራትም ቅደም ተከተል አጭር ነው፤ መጀመሪያ መሸጥ፣ ቀጥሎ ዕዳን መክፈል፣ ከዚያ በቀረው ከልጆች ጋር መኖር። ተአምር ያየ ሰው እንኳ በመጀመሪያ ዕዳውን ከፈለ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራጣ ላይ ባስተማረው ትምህርቱ፣ ሰው በቤቱ ያለውን ዕቃና ጌጥ መሸጥ ነጻነቱን ከመሸጥ እንደሚሻለው መክሯል፤ ባለ ዕዳ የሆነ ሰው በሩ በተንኳኳ ቁጥር እንዴት እንደሚሸበርም ገልጧል። ያ ሥዕል ከተጻፈ ከ1,600 ዓመታት በላይ ቢያልፈውም ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ ይታያል። ሁለተኛ መኪና፣ ቁጭ ያለ ማሽን፣ ያልተሠራበት ቦታ ካለ በራስ ፈቃድ በጊዜው መሸጥ፣ በሐራጅ በረከሰ ዋጋ ከመሸጥ ይሻላል።

የመውጫ መንገድ የሚመስሉ ጉድጓዶች

የተጨነቀ ሰው ለመክፈል ሲል ከሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አራቱን እናንሣ።

የመጀመሪያው አራጣ ነው። 100,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በዓመት 120,000 ብር ወለድ ይከፍላል፤ ዋናው ገንዘብ ግን አንድ ብር አይጎድልለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች በሚዋዋሉት የገንዘብ ብድር ላይ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ቅዱሳት መጻሕፍት ከድኻ ወንድም ላይ አራጣ መውሰድን ከልክለዋል (ዘጸ. 22፥25)፤ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም በሃያዎቹ ቀኖናዎቻቸው መካከል አራጣ የሚበሉ ካህናትን ከሹመታቸው የሚሽር ቀኖና ደንግገዋል። ባዶ ቼክ አስፈርሞ የሚያበድር ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ገመድ ነው።

ሁለተኛው ሐሰት ነው። ሁለት ዓይነት መዝገብ መያዝ፣ ያለ ደረሰኝ መሸጥ፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ መግዛት ለጊዜው የግብሩን መጠን ያሳንስ ይሆናል። ነገር ግን ባለ ዕዳን ወንጀለኛ ያደርጋል። ዕዳ ያለበት ሰው ሊነጋገር፣ ሊለምን፣ ከፋፍሎ ሊከፍል ይችላል፤ ወንጀል የሠራ ሰው ግን ይህን ሁሉ ዕድል ያጣል።

ሦስተኛው በር ዘግቶ መጥፋት ነው። ሥራው አልሆን ሲል ሱቁን ቆልፎ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ አለ። ሥራ መቆሙን ሳያስታውቅ፣ ፈቃዱን ሳይመልስ የጠፋ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ እንደሚሠራ እየተቆጠረ ግብሩ በየዓመቱ ይወሰንበታል። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ የሚጠብቀው ሳይሠራ የመጣ ዕዳ ነው። እርሱ ሲጠፋ ደግሞ ዋሶቹ ይያዛሉ። ሥራውን ማቆም የሚሻል ከሆነ በሕግ ማቆም ይገባል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የተቸገረ ነጋዴ ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ሥራውን እንደገና የሚያደራጅበትን፣ ካልሆነም ኪሳራው በሥርዓት የሚመራበትን መንገድ ደንግጓል። መክሰር ነውር አይደለም፤ ሰውን ይዞ መጥፋት ግን ነውር ነው።

አራተኛው በእኛ በምእመናን ዘንድ በብዛት የሚታይ ስለሆነ በግልጥ ልንናገረው እንወዳለን። የሠራተኛውን ደመወዝ ሳይከፍል፣ የዕቁብተኛውን ገንዘብ ይዞ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብዙ ገንዘብ የሚሳል፣ ለንግሥ በዓል የሚደግስ፣ ለልጁ ሠርግ ድንኳን የሚያስተክል ሰው አለ። አንዳንዱ ይህን የሚያደርገው እግዚአብሔር ዕዳውን እንዲያቀልለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰው መክሰሩን እንዳያውቅበት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በብድር ገንዘብ እየደገሱ ድኻ እንዳይሆኑ ይመክራል (ምዕ. 18)፤ ሲበደር አበዳሪውን የሚያቆላምጥ፣ መመለሻው ሲደርስ ግን ቀን የሚያራዝም ሰውንም ይነቅፋል (ምዕ. 29)። መሥዋዕት ከራስ ገንዘብ ነው። የሌላውን ሰው ገንዘብ ለእግዚአብሔር ማቅረብ እግዚአብሔርን አያስደስትም። ስእለት ያለበትና ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ነገሩን ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ካህኑ ይመክረዋል።

ለአበዳሪዎች፣ ለዋሶችና ለጎረቤቶች

እስካሁን የተናገርነው ለባለ ዕዳው ነው። ነገር ግን ሰው ዕዳውን የሚሰውረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲናገር የሚደርስበትን አይቶ ነው። በጎረቤቱ ላይ የደረሰውን ሐሜት ሰምቷል፤ የከሰረውን ሰው በማኅበሩ ማን ከጎኑ እንደ ሸሸ አስተውሏል። ገንዘብ ሲሰጥ ስሙ በአደባባይ የተጠራለት ሰው፣ ሲቸግረው ስሙን ማንሣት የሚፈልግ ሲያጣ፣ እርሱም ዝም ማለትን ይማራል። በዚህ እኛም ድርሻ አለን።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ከምርኮ የተመለሱት እስራኤል ለምግብና ለንጉሡ ግብር ሲሉ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደረሱ። አበዳሪዎቹ ባዕዳን አልነበሩም፤ የራሳቸው ወንድሞች ነበሩ። ነህምያ ጩኸታቸውን በሰማ ጊዜ ባለ ዕዳዎቹን ስለ ስንፍናቸው አልገሠጸም። መኳንንቱን ሰብስቦ ገሠጻቸው፤ የያዙትን መሬትና የወሰዱትን ወለድ እንዲመልሱም አስማላቸው። እርሱ ራሱም አገረ ገዥ ሆኖ ሳለ የሚገባውን ቀለብ ሳይጠይቅ ቀረ። ያበደራችሁ ምእመናን ሆይ፤ ገንዘባችሁን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሊከፍል የሚወደውንና ሊከፍል የማይወደውን ለይቶ ማየት፣ ለሚወደው ጊዜ መስጠት ግን ከጌታችን የተማርነው ነው፤ ብዙ ዕዳ ተትቶለት ጥቂት ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ የያዘውን አገልጋይ ፍጻሜ እናውቃለንና (ማቴ. 18፥23-35)።

ዋስ ለምትሆኑ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት ምሳሌ ነው። ስለ አናሲሞስ ዕዳ እርሱ እንደሚከፍል በገዛ እጁ ጽፎ ቃል ገብቷል (ፊል. 18-19)። ሐዋርያው ዋስ የሆነው ማንነቱን በሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያስከትለውንም አውቆ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሳያስቡ ዋስ ከመሆን የሚያስጠነቅቀው (ምሳ. 6፥1-5፤ 22፥26-27) ከፍቅር ሊያርቀን ሳይሆን፣ የምንፈርመውን አንብበን እንድንፈርም ነው። ለይሉኝታ ብሎ ፈርሞ በኋላ ወዳጁን መጥላት ፍቅር አይደለም።

ጎረቤቶችና ማኅበርተኞች ደግሞ ባዶ ማድጋችንን አንንፈግ። የዚህ ዘመን ማድጋ ብዙ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሁለት ምሽት ሰጥቶ የወንድሙን ደረሰኞች ይደርድርለት። ሕግ የሚያውቅ የቅሬታ ማመልከቻ ይጻፍለት። ዕቃ የሚገዛ ከእርሱ ይግዛ፤ የተበደረውም ይክፈለው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት የወደቀው ደንበኛው ሳይከፍለው ስለ ቀረ እንደ ሆነ አንርሳ፤ ያ ደንበኛ ከእኛ አንዱ ሊሆን ይችላል። የጽዋ ማኅበርተኛም ከጓደኛው ቤት ጠፍቶ የቀረውን ወንድም ሄዶ ይጠይቀው፤ የሚሰማውንም በዚያው በተዘጋው በር ውስጥ ይተወው።

በመጨረሻ

ከዕዳው ክብደት የተነሣ መኖርን እስከ መጥላት የደረሱ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ይህን የምታነብቡና እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሳታልፉ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለእኅታችሁ፣ ለምታምኑት ጓደኛ። ቤት ቢሸጥ ቤት ይሠራል፤ ፈቃድ ቢሰረዝ ፈቃድ ይወጣል። የሰው ነፍስ ግን ዋጋዋ በክርስቶስ ደም ተከፍሏል፤ በየትኛውም ባንክ መዝገብ ለመያዣነት አትቀርብም።

ሌሎቻችንም ጸሎትን ከመክፈል ማምለጫ አናድርገው፤ መክፈልንም ከጸሎት አንለየው። በንስሐ የምንድነው ኃጢአታችን ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ወደ ብርሃን ስላወጣነው ነው። ዕዳም በዚህ ጠባዩ ይመሳሰላል። ጽፎ የቆጠረ፣ ለሚገባው የተናገረ፣ የሌላውን ገንዘብ ለይቶ ያስቀመጠ፣ በየወሩም ጥቂት ጥቂት የከፈለ ሰው ገና ባለ ዕዳ ሳለ ነጻነቱን መመለስ ይጀምራል። መበለቲቱ ዘይቷን ሸጣ ስትመለስ ልጆቿ በቤቷ ነበሩ። በየቤታችን ያሉትን ልጆችም አምላካችን እንዲሁ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።